ቤትን በገዛ እጅ ስለ ማደስና ስለ መጠገን

ለገጠር ትምህርት ቤቶች መምህራንና ለአገር ሽማግሎች የተዘጋጀ ትምህርት

መግቢያ

ልብስ ቢቀደድ ባለቤቱ በዚያው ሳምንት ይጥፈዋል፤ ማረሻው ቢዶለዱም ሳያሳስል ወደ እርሻ አይወጣም። ቤት ግን ከልብስና ከማረሻ ይልቅ ብዙ ድካምና ብዙ እንጨት የፈሰሰበት ሲሆን፥ ግድግዳው ሲሰነጠቅ፥ ክዳኑ ሲሳሳ፥ ቋሚው ሲበሰብስ ብዙ ሰው እያየ ያልፈዋል። በመጨረሻም ከነሐሴ ሌሊቶች በአንዱ ዝናም ሲበረታ ግድግዳው በተኙት ላይ ይወድቃል። ሰዎችም «ያ ክፉ ዝናም ጣለው» ይላሉ። ነገር ግን ቤቱ መውደቅ የጀመረው በዚያች ሌሊት አይደለም፤ ከብዙ ክረምት በፊት ውሃ ወደ ግድግዳው እግር መግባት በጀመረ ጊዜ ነው እንጂ። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው ያባቶች ምሳሌ ለእሳት ብቻ ሳይሆን ለውሃም የሚሠራ ነው።

ይህ ትምህርት የሚናገረው በደጋና በወይና ደጋ አገር በብዛት ስለሚገኘው በእንጨትና በጭቃ ስለሚሠራው ቤት ነው። እንደ ላስታና እንደ ትግራይ ባለው አገር በድንጋይ ለሚሠራ ቤትም ስለ ውሃ መከላከል የተነገረው ያገለግላል። ከዚህ ቀጥሎ የተዘረዘረውን ሥራ ባለቤቱ ከቤተ ሰቡና ከጎረቤቱ ጋራ በገዛ እጁ ሊሠራው ይችላል። ለሥራው የሚያስፈልገው መሣሪያ ዶማ፥ አካፋ፥ መጥረቢያ፥ ማጭድ፥ ቢላዋ፥ ገመድና ጫፉ ላይ ድንጋይ የታሰረበት ክር ነው። ስለ መለኪያም በየቤቱ ሜትር ስለማይገኝ ክንድና ስንዝር ይበቃል፤ ክንድ 50 ሳንቲ ሜትር ግድም፥ ስንዝርም የዚያ ግማሽ ያህል ነው።

1. ቤት ከየት በኩል እንደሚያረጅ

የጭቃ ቤት የሚያረጀው አስቀድሞ ከእግሩ ነው። ለዚህም ሦስት ምክንያቶች አሉ።

አንደኛ፥ ከክዳኑ ጠርዝ የሚወርደው ጠብታ መሬቱን እየመታ ጭቃውን ወደ ግድግዳው ይረጨዋል። በየዝናሙ ትንሽ ትንሽ እየሸረሸረ የግድግዳውን እግር ያሳሳዋል።

ሁለተኛ፥ እርጥብ መሬት ውሃውን ወደ ግድግዳው ይሰድዳል። የኩራዝ ክር ጋዙን ከታች ወደ ላይ እንደሚስበው እንዲሁ ደረቅ ጭቃ ከመሬት ውሃ ይስባል። በክረምት የግድግዳው እግር ጠቁሮ የሚታየው ዝናም ሳይነካው እንኳ ስለዚህ ነው።

ሦስተኛ፥ ቋሚ እንጨት የሚበሰብሰው መሬትና አየር በሚገናኙበት ስፍራ ነው። እንጨትን የሚበላው ሻጋታ ውሃም አየርም ይፈልጋል። ከመሬት በታች ጠልቆ ውሃ ቢኖርም አየሩ ጥቂት ነው፤ ከመሬት በላይም አየር ቢኖር እንጨቱ ደረቅ ነው። ሁለቱ የሚገኙት በመሬቱ ልክ ነው። ስለዚህ አሮጌ ቋሚ ሲነቀል ከላይ ጽኑ፥ ከታች ጽኑ ሆኖ መካከሉ እንደ አመድ ሲፈርስ ይታያል።

እንግዲህ ግድግዳውን ከላይ እየለሰኑ እግሩን ሳያዩ መተው የደከመ በሬን ጀርባውን እየጠረጉ ሰኮናውን እንደ መተው ነው።

2. ቤትን ስለ መመርመር

ከመጠገን በፊት መመርመር ይገባል። የምርመራውም ጊዜ ሁለት ነው፤ አንደኛው ዝናም እየዘነበ ውሃው የሚሄድበት በሚታይበት ጊዜ፥ ሁለተኛው ክረምት ከወጣ በኋላ ነው።

ሀ) ቋሚውን በመሬቱ ልክ በቢላዋ ጫፍ መውጋት። ጽኑ እንጨት ቢላዋውን አያስገባም፤ አንድ ጣት ያህል ከገባ ግን እንጨቱ ታሟል ማለት ነው።

ለ) ድንጋይ የታሰረበትን ክር ከግድግዳው ራስ ላይ ማንጠልጠል። ክሩ ከላይና ከታች ከግድግዳው እኩል ካልራቀ ግድግዳው ዘሟል። የተለካውን ርቀት በጽሕፈት ማኖር፥ በዓመቱም እንደ ገና መለካት ይገባል።

ሐ) ስንጥቅን መለየት። እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ጭቃው ሲደርቅ የሚመጣ ስለ ሆነ አያስፈራም። ከበር ወይም ከመስኮት ማዕዘን ተነሥቶ አግድም ሽቅብ የሚሄድ፥ ጣትም የሚያስገባ ስንጥቅ ግን መሬቱ መስጠሙን ይናገራል። የስንጥቁን ሁለት ጫፍ በከሰል ምልክት ማድረግና ቀኑን አጠገቡ መጻፍ ነው። ከሁለት ወር በኋላ ስንጥቁ ምልክቱን አልፎ ቢገኝ ቤቱ አሁንም እየተንቀሳቀሰ ነውና በልስን መሸፈን ከንቱ ነው፤ አስቀድሞ መሠረቱን ማየት ያስፈልጋል።

መ) ልስኑን በጣት መንኳኳት። ድምፁ እንደ ባዶ ቅል የሚያስተጋባ ከሆነ ልስኑ ከግድግዳው ተለያይቷል።

ሠ) በቀን በሩን ዘግቶ ከውስጥ ወደ ክዳኑ ማየት። ብርሃን የገባበት ቀዳዳ ሁሉ ውሃም ይገባበታል።

3. ውሃን ከቤት ስለ ማራቅ

ከጥገና ሥራ ሁሉ ገንዘብ የማይጠይቀው፥ ጥቅሙ ግን ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። ቤቱ በተዳፋት ላይ ከሆነ ከቤቱ በላይ ከ4 እስከ 5 ክንድ ያህል ርቆ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ይቆፈራል። ሁለተኛውም ቦይ ከክዳኑ የሚወርደው ጠብታ በሚያርፍበት ስፍራ ቤቱን ዙሪያውን ይከብበዋል፤ ጥልቀቱ አንድ ስንዝር፥ ስፋቱ አንድ ክንድ ቢሆን ይበቃል። ውሃው ቆሞ እንዳይቀር በየ10 ክንዱ ርዝመት ቢያንስ አንድ ጋት ዝቅ እያለ መሄድ አለበት። ቦዩ ውስጥ ጠጠር ቢደለደል ጠብታው ጭቃ አይረጭም።

የቦዩ መውጫ ወደ ጎረቤት ግድግዳ ወይም ወደ ምንጭ እንዳይሆን ይጠበቃል። የራሱን ቤት አድኖ የባልንጀራውን የሚያፈርስ ቦይ የጠብ ምክንያት ነውና ሽማግሎች አስቀድመው መስመሩን ቢያዩት መልካም ነው።

ከዚህም በላይ በግድግዳው እግር ዙሪያ አንድ ስንዝር ከፍታ ያለው ድንጋይ ወደ ውጭ አዘንብሎ ይደረደራል። የቤቱም ወለል ከውጭው መሬት ቢያንስ አንድ ስንዝር ከፍ ማለት አለበት። እበትና አዛባ፥ ጭድና ማገዶ በግድግዳው ላይ ማስጠጋት እርጥበትን ይይዛል፤ ለምስጥም መንገድ ያበጃል።

4. የበሰበሰ ቋሚን ስለ መለወጥ

በአንድ ጊዜ ከአንድ ቋሚ በላይ መንቀል አይገባም። የሥራውም ተራ እንዲህ ነው።

በመጀመሪያ፥ ግድግዳውን ከላይ የሚያስረውን አግዳሚ እንጨት ከታመመው ቋሚ ግራና ቀኝ በሁለት ባላ እንጨት መደገፍ። የባላውም እግር በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ይቆማል፤ ያለዚያ ክብደቱ ወደ መሬት ያሰጥመዋል።

ቀጥሎ፥ በቋሚው ዙሪያ ያለውን ጭቃ ማንሣትና ማገሩን መፍታት። የበሰበሰው እግሩ ብቻ ከሆነ እንጨቱን ሁሉ መጣል አያስፈልግም፤ የታመመውን ቆርጦ ጽኑውን ክፍል ጠፍጣፋና ከባድ በሆነ ድንጋይ ላይ ማቆም፥ በአጠገቡም አዲስ አጋዥ እንጨት ተክሎ በሽቦ ወይም በጽኑ ጠፍር ማሰር ይበቃል።

አዲስ ቋሚ የሚተከል ከሆነ ጕድጓዱ ከ1 ክንድ እስከ 1 ክንድ ተኩል ይጠልቃል። ከሥሩ ድንጋይ ይነጠፋል፤ ዙሪያውም በአፈር ሳይሆን በጠጠርና በድንጋይ ተጠቅጥቆ ይሞላል፤ ውሃ በጠጠር መካከል ቶሎ ይሰርጋልና። የእንጨቱን እግር በእሳት መለብለብ መበስበስን ጥቂት ያዘገያል እንጂ ፈጽሞ አያድንም።

ስለ እንጨቱ ምርጫ፥ ያባቶች ቤት ጥድና ወይራ ስለ ነበረበት ብዙ ዘመን ይቆይ ነበር፤ የጥድ ልቡ ምስጥ የማይደፍረው ነውና። ዛሬ ይህ ዛፍ ስለ ተመናመነ በብዙ አገር የሚገኘው በዐፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት በ1880ዎቹ ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ የገባው ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ ቶሎ ያድጋል፤ ነገር ግን እርጥቡን ከተተከለ ይጣመማል፥ ይሰነጠቃል፥ ምስጥም ይበላዋል። ስለዚህ በበጋ ተቆርጦ፥ ልጡ ተልጦ፥ ከመሬት ከፍ ብሎ በጥላ ሥር ተደርድሮ ጥቂት ወራት ሊደርቅ ይገባዋል።

የመካከሉ ምሰሶ የታመመ እንደ ሆነ ግን የጣራው ክብደት በእርሱ ላይ ስለ ሆነ ቤት መሥራት የሚያውቅ ሰው ሳይኖር ማንም አይንካው። በዚያም ሥራ ጊዜ ሕፃናትና ከብት ከቤቱ ይወጣሉ።

5. ስለ ምስጥ

ምስጥ ብርሃንንና ደረቅ አየርን ስለሚፈራ ከመሬት ወደ እንጨት ሲወጣ የአፈር ዋሻ እየሠራ ይሄዳል። በግድግዳ ላይ እንደ ደም ሥር የሚታየው የአፈር መስመር መንገዱ ነው። ያንን መስመር በየሳምንቱ ማፍረስና እንደ ገና መሠራቱን መመልከት ያስፈልጋል፤ ከታደሰ ምስጡ በሕይወት አለ ማለት ነው። በግድግዳው እግር የተደረደረው ድንጋይ ምስጡን ፈጽሞ ባያግደውም በድንጋዩ ላይ አልፎ እንዲሄድ ስለሚያስገድደው ተሰውሮ ከመግባት ይከለክለዋል። የእርሻ መድኃኒት በቤት ውስጥ መርጨት ግን ለሰውና ለእህል መርዝ ስለ ሆነ አይገባም።

6. ጭቃን ስለ ማቡካት፥ ስለ መምረግና ስለ መለሰን

ጭቃ ሁሉ አንድ አይደለም። መረሬ አፈር ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፥ ሲደርቅም እጅግ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ብቻውን ለምርግ አይሆንም። አሸዋ የበዛበት አፈር ደግሞ አይጣበቅም። የሚሻለው ጥቂት አሸዋ ያለበት ቀይ አፈር ነው። ለመፈተንም እርጥቡን አፈር በመዳፍ መካከል እንደ ገመድ ማድቦልቦል ነው፤ ሳይቀጥን የሚበጣጠስ ከሆነ ሙጫው አንሷል፤ ቀጥኖ ተጠቅልሎም የማይሰበር ከሆነ ሙጫው በዝቷልና አሸዋ ይጨመርበት።

አፈሩ ከተመረጠ በኋላ የጤፍ ጭድ ተጨምሮበት በእግር ይረገጣል። ጭዱ ሥራው ሁለት ነው፤ ጭቃውን እንደ ክር ያስረዋል፤ ሲደርቅም ስንጥቁ በአንድ ስፍራ ሰፍቶ እንዳይከፈት በብዙ ስፍራ ይበትነዋል። የተረገጠው ጭቃ ውሃ እየተጨመረበት ቢያንስ አንድ ሳምንት ይቀመጣል፥ በየቀኑም ይገላበጣል። ጭዱ ሲቦካ የሚያወጣው ልሕልሕ ነገር ጭቃውን የሚያጣብቅ ያደርገዋል። ሽታው ቢከፋም ሲደርቅ ይጠፋል። ዛሬ ረግጦ ዛሬ የሚመርግ ሰው በክረምት ይጸጸታል።

አሮጌ ግድግዳ ሲጠገን የላላው ልስን እስከ ጽኑው ድረስ ይነሣል፤ ትቢያው ይጠረጋል፤ ግድግዳውም ውሃ ይረጭበታል። ደረቅ ግድግዳ የአዲሱን ጭቃ ውሃ ወዲያው ስለሚመጥጠው ሁለቱ አይያያዙም። የመጀመሪያው ምርግ በኀይል እየተወረወረ ይለጠፋል፤ ፊቱም ሻካራ ሆኖ ይተዋል። ፈጽሞ ደርቆ ስንጥቁን ካሳየ በኋላ ሁለተኛው ልስን በደቀቀ ጭድና በተነፋ አፈር ይደረጋል። በመጨረሻ እበትና የተነፋ አፈር ተቀላቅሎ ይለቀለቃል። ሦስቱን በአንድ ቀን መደራረብ ስንጥቅን ከውስጥ መቅበር ነው።

በጭቃ ግድግዳ ላይ ሲሚንቶ መለሰን ዛሬ እንደ ጌጥ ይታያል። ነገር ግን ጭቃ ከእርጥበት ጋራ ሲያብጥና ሲኰማተር ሲሚንቶ ግትር ሆኖ ይቀራል፤ በመካከላቸውም ውሃ ይገባል። ከውጭ ያማረው ግድግዳ ከውስጥ ሲርስ ባለቤቱ አያይም፤ በኋላ ልስኑ እንደ ቅርፊት ይወድቃል። ገንዘብ ያለው ሰው ሲሚንቶውን ለእግሩ ድንጋይ ማያያዣ ቢያደርገው ይሻላል። ለመልኩ ግን ኖራ ይበቃል፤ ኖራ ግድግዳው እንዲተነፍስ ያደርጋል። ያልረጠበ ኖራ ከውሃ ጋራ ሲገናኝ ስለሚፈላ ኖራው በጥቂት በጥቂቱ ወደ ውሃ ይጨመራል እንጂ ውሃው በኖራው ላይ አይደፋም። ዓይንን ያሳውራልና ልጆች አይቅረቡት።

በወባ አገር ለሚኖሩ አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለ። በግድግዳ ላይ የሚረጨው የወባ መከላከያ መድኃኒት ትንኟን የሚገድለው በግድግዳው ፊት ላይ ሲገኝ ነው። ከተረጨ በኋላ የሚለሰን ወይም የሚለቀልቅ ሰው መድኃኒቱን ይቀብረዋል፤ ቤተ ሰቡንም ለንዳድ አሳልፎ ይሰጣል። ስለዚህ ርጭቱ የሚመጣበት ወር ከጤና ኬላ ይጠየቅ፤ ልስኑም ከርጭቱ በፊት ይለቅ። ከተረጨ ወዲያ ቢያንስ 6 ወር ግድግዳው አይነካ።

7. ስለ ጣራ

የሣር ክዳን ውሃን የሚያስወግደው በተዳፋትነቱ ነው። አንድ ክንድ ወደ ጎን ሲሄድ አንድ ክንድ ወደ ላይ ካልወጣ ውሃው ሳይወርድ ይሰርጋል፥ ሣሩም ይበሰብሳል። የክዳኑም ጠርዝ ከግድግዳው ቢያንስ አንድ ክንድ ወደ ውጭ ማለፍ አለበት። ለጥገና፥ ቀዳዳው በሚታይበት ስፍራ ከውስጥ ቀጭን እንጨት ወደ ላይ ይሰካል፤ ከውጭም ያ እንጨት በወጣበት ስፍራ የላይኛው ሣር ቀና ተደርጎ የጠቆረውና የላመው ይወጣል፤ አዲሱም እስር ከሥሩ ይገባና ይታሰራል። ሥራው ሁልጊዜ ከታች ወደ ላይ ይሄዳል፤ የላይኛው የታችኛውን እንዲያለብስ። ሰንበሌጥ ፍሬውን አራግፎ ከደረቀ በኋላ ይታጨዳል፤ እርጥቡ ይሻግታልና። በመንዝ የጓሳ ሣር እንዳያልቅ ያገሩ ሰዎች ሥርዓት አውጥተው ስፍራውን ለጥቂት ዓመታት እየከለከሉ ሲያበቅሉት መኖራቸው ለሌላው አገር ምሳሌ የሚሆን ነው።

በቆርቆሮ የተከደነ ቤት ከሆነ ደግሞ ምስማር የሚመታው ውሃ በሚወርድበት ሸለቆ ሳይሆን በቆርቆሮው ጉብታ ላይ ነው፤ ከምስማሩም ራስ በታች ጎማ ይገባበታል። ጎንና ጎኑ ሲደራረብ ቢያንስ አንድ ጉብታ ተኩል፥ ራስና እግሩ ሲደራረብ አንድ ስንዝር መሆን አለበት። የጎኑም ድርብ ነፋስ ከሚመጣበት ተቃራኒ በኩል ይከፈታል። በቆርቆሮ ላይ የሚወጣ ሰው እንጨት ባለበት፥ ማለት ምስማሩ በተደረደረበት መስመር ብቻ ይርገጥ። ነፋስ ባለበት ቀን ማንም ወደ ጣራ አይውጣ።

8. ስለ ምድጃና ስለ ጢስ

ጢስ የሣር ክዳንን እያደረቀ ነቀዝንና ምስጥን ማራቁ እውነት ነው። ስለዚህ ሽማግሎች ጢስን የቤት መድኃኒት ይሉታል። ነገር ግን ያው ጢስ በእናትና በሕፃን ሳንባ ውስጥ ይቀመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ በቤት ውስጥ ጢስ ምክንያት በዓለም ሁሉ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንደ ሞቱ፥ ከእነዚህም ከ237,000 በላይ የሚሆኑት ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች የሆነ ሕፃናት እንደ ነበሩ ገልጿል። ሣር ቢበሰብስ በሌላ ሣር ይለወጣል፤ የሕፃን ሳንባ ግን አይለወጥም።

ስለዚህ የሚቻለው ሰው ማድ ቤቱን ከመኝታው ይለይ። የማይቻለው ከምድጃው በላይ አንድ መስኮት፥ በፊት ለፊቱም ሌላ መስኮት ይክፈት፤ አንዱ ንጹሕ አየር ሲያስገባ ሌላው ጢስ ያወጣል። ከሲሚንቶና ከቀላል አሸዋ የሚሠራው «ምርጥ» የተባለው የእንጀራ ምድጃ እሳቱን ስለሚከልል ከክፍት ጉልቻ ይልቅ ማገዶን ወደ ግማሽ ይቆጥባል፤ ልጅም እሳት ውስጥ እንዳይወድቅ ይጠብቃል። ጢሱ ከቀነሰ በኋላ ክዳኑን በየዓመቱ መመርመር ግዴታ ይሆናል፤ ጢስ ይሠራው የነበረውን ሥራ ዓይን ይሠራዋልና።

9. ስለ ሥራው ጊዜና ስለ ደቦ

ከመስከረም እስከ ጥቅምት፦ ምርመራና ምልክት ማድረግ።
ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ፦ ሣር ማጨድ፥ እንጨት ቆርጦ ማድረቅ።
ከጥር እስከ መጋቢት፦ ቋሚ መለወጥ፥ ጭቃ ማቡካትና መምረግ፥ ክዳን መጠገን።
ከሚያዝያ እስከ ግንቦት፦ መለሰን፥ ቦይ መጥረግ።

የአንድ ሰው ጕልበት ለምርግ አይበቃም፤ ጭቃው በአንዱ ወገን ደርቆ በሌላው ርሶ ይቀራልና። ስለዚህ በደቦ ይሠራ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፥ ለሃምሳ ሰው ጌጥ» ይባላል። በደቦው ጊዜ አስቀድሞ የመበለቲቱና የአቅመ ደካማው ቤት ቢጠገን፥ ለጠላና ለምሳ የሚወጣው ወጪም ተመጥኖ ቢታወቅ፥ ድኻው ስለ ድግስ ፈርቶ ቤቱን ሳይጠግን አይቀርም። ልቅለቃውንም ለሴቶች ብቻ መተው ልማድ ይሁን እንጂ ፍርድ አይደለም፤ በቤቱ የሚያድረው ሁሉ በቤቱ ሥራ ይካፈል።

ለመምህሩ

ደቀ መዛሙርቱ ከሦስት ዓይነት አፈር አንድ ስንዝር ስፋት ያለው ጠፍጣፋ ጭቃ ይሥሩ፤ አንዱን ያለ ጭድ፥ አንዱን በጭድ ወዲያው፥ አንዱንም በጭድ አንድ ሳምንት አቡክተው። በጥላ ከደረቀ በኋላ ስንጥቁን ይቍጠሩ፤ ውሃም በየተራ አንጠባጥበው የትኛው ቶሎ እንደሚሟሟ ይጻፉ። ከዚህ ቀጥሎ የትምህርት ቤቱን ግድግዳ ይመርምሩ፤ በሁለተኛውም ቀን እያንዳንዱ የአባቱን ቤት መርምሮ ያገኘውን ለአባቱ ያንብብለት።

ጥያቄዎች

1. የቋሚ እንጨት በመሬቱ ልክ የሚበሰብሰው ስለ ምንድን ነው?
2. ስንጥቅ እየሰፋ መሆኑ በምን ይታወቃል?
3. የመጀመሪያው ምርግ ሳይደርቅ ሁለተኛው ቢደረብ ምን ይሆናል?
4. የወባ መድኃኒት ከተረጨ በኋላ ግድግዳ የማይለቀለቀው ለምንድን ነው?
5. ቦይ ሲቆፈር ጎረቤትን ማሰብ ስለ ምን ያስፈልጋል?

መደምደሚያ

ቤት የሚጠብቁት ሰዎች ሲኖሩት የልጅ ልጅ ያሳድጋል፤ የሚያየው ሲያጣ ግን ሠሪው ሳይሞት ይፈርሳል። በዓመት ጥቂት ቀን ለቤቱ የሚሰጥ ሰው አዲስ ቤት ለመሥራት የሚቆረጠውን ዛፍ ያተርፋል፤ ልጆቹም በክረምት ሌሊት ዝናሙን ያለ ፍርሃት ይሰማሉ።